ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የጠበቃው መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ከእናቴ ጋር እየተሻማን ነው የምናነበው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ የምኖረው ድባንቄ ነው። መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ጂም ለአንድ ዓመት ተመዘገብኩ። በየወሩ 1,500 ብር ከባንክ ሂሳቤ በቀጥታ እንዲቆረጥ ፈረምኩ። ነሐሴ ላይ ሥራዬ ወደ ዓባይ ማዶ ተዛወረና መመላለሱ አልሆን አለኝ። ነሐሴ 12 ማታ ለማናጀሩ በቴሌግራም "ዓመቱ ሲያልቅ አልቀጥልም" ብዬ ጻፍኩለት። አንብቦታል፣ ግን አልመለሰልኝም። መስከረም አለቀ፣ ብሩ ተቆረጠ። ጥቅምትም ተቆረጠ። ስሄድ ከፎርሙ ጀርባ አንድ አንቀጽ አሳዩኝ። "ደንበኛው ውሉ ከማለቁ 30 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላሳወቀ ውሉ ለተመሳሳይ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል" ይላል። ማናጀሩ "አንድ ወር ሲቀረው ነበር ማሳወቅ የነበረብሽ፣ ሦስት ቀን አሳልፈሻል፣ ቴሌግራም ደግሞ ጽሑፍ አይባልም" አለኝ። አንቀጹን አላየሁትም ስለው "ማንበብ አትችይም እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። እውነት የዓመቱን 18,000 ብር መክፈል አለብኝ?

ግራ የገባት፣ ከድባንቄ

መልስ፦ ልጄ፣ አጭሩ መልስ አይመስለኝም ነው። ረጅሙን ደግሞ እነሆ።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ማኪያቶ እየጠጣሁ አነበብኩት። ቢሮ ስገባ ደግሞ ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ሥር ቆሜ ደገምኩት። ካላንደሩ ጋ የሄድኩት በምክንያት ነው። "ሦስት ቀን አሳልፈሻል" አይደል ያለሽ? እስቲ አብረን እንቁጠር።

ውልሽ የሚያልቀው መስከረም 9 ቀን 2018 ነው። ማናጀሩ ከመስከረም 9 አንድ ወር ወደ ኋላ ሄደና ነሐሴ 9 ላይ ቆመ። አንቺ የጻፍሽው ነሐሴ 12 ስለሆነ በሱ ሂሳብ ሦስት ቀን ዘግይተሻል። ፎርሙ ግን "አንድ ወር" አይልም። "30 ቀን" ነው የሚለው። በመሃል ደግሞ ጳጉሜን አለች። በ2017 አምስት ቀን ነበረች። ከነሐሴ 12 እስከ ነሐሴ 30 አሥራ ስምንት ቀን፣ ጳጉሜን አምስት፣ ከመስከረም ዘጠኝ። ሠላሳ ሁለት ቀን መጣ። እንኳን ልታሳልፊ፣ ሁለት ቀን ተርፎሻል። የመጨረሻው ቀን ነሐሴ 14 ነበር። እኛ ጳጉሜንን ለእንግዳ ስለ አሥራ ሦስት ወራችን ስናወራ አንረሳትም፣ ውል ስንጽፍ ነው የምትጠፋብን።

ስክሪንሾቱን አይቼዋለሁ። ከምሽቱ 2፡40 ይላል፣ የቡሄ ዋዜማ። ልጆቹ በር ላይ ሆያ ሆዬ ሲሉ አንቺ ውል ታቋርጪ ነበር ማለት ነው። ከሥሩ ሁለቱ ምልክቶች አሉ፣ አንብቦታል።

"ቴሌግራም ጽሑፍ አይባልም" ላለሽ ደግሞ ሕግ አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ይባላል፣ ቁጥር 1205/2012። ከፍሬ ነገሩ አንዱ ይሄ ነው፦ አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተላከ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም። ከሕጉ በላይ የወደድኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያው ቻት ወደ ላይ ሳነብ ለጥምቀት ዝግ መሆናቸውን ያሳወቁሽ በቴሌግራም ነው። የሰዓት ለውጡንም እንደዚያው። እሱ ሲጽፍልሽ ጽሑፍ ነው፣ አንቺ ስትጽፊለት ወሬ ሆነ? ይህን ጥያቄ ዳኛ ፊት ቢያቀርቡለት መልሱን ለመስማት ጓጉቻለሁ። አደራሽን ቻቱን እንዳታጠፊው። ስክሪንሾት ብቻ አይበቃም። ስልኩ ራሱ ይቀመጥ፣ ስልክ የምትቀይሪ ከሆነም አሮጌውን እንዳትሸጪው።

አሁን ወደ ፎርሙ። ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስተሽ ስለላክሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ብዙ ሰው ፊቱን ብቻ ነው የሚልክልኝ። ፊቱ ላይ ስምሽ፣ ስልክሽ፣ ኪሎሽ፣ "የደም ግፊት አለብዎት?" የሚል ሣጥን፣ የክፍያው መጠን አለ፣ ግርጌው ላይ ፊርማሽ። "የጀርባውን ገጽ ይመልከቱ" የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ጀርባው ላይ አሥራ አራት አንቀጽ ተደርድሯል። ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ታክላለች፣ መነጽሬን አድርጌም ስልኩን አስፍቼ ነው ያነበብኩት። የመታደሱ ነገር ዘጠነኛው ላይ ነው፣ "ፎጣ ይዘው ይምጡ" እና "ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም" በሚሉት መሃል። ጀርባው ላይ ፊርማ የለም። ቅጂም አልሰጡሽም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፣ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ያኔ ጂም የሚባል ነገር ማንም አላሰበም፣ ግን ቁጥር 1686ን ስታነቢው ላንቺ የተጻፈ ይመስላል። አንዱ ወገን ለደንበኞቹ ሁሉ አስቀድሞ ያዘጋጀው ደንብ ሌላውን የሚያስረው፣ ያ ሰው ደንቡን አውቆ የተቀበለው እንደሆነ ነው። ወይም ደንቡን የመንግሥት አካል ያወጣው ወይም ያጸደቀው ከሆነ። ይሄኛውን ያጸደቀው ማናጀሩ ነው። ስለዚህ የክርክርሽ ልብ "አንቀጹ ፍትሐዊ አይደለም" የሚለው እንዳይሆን። እሱ ጥሩ ለቅሶ ነው፣ ጥሩ ክርክር ግን አይደለም። "አላሳያችሁኝም፣ አልተቀበልኩትም" ነው ክርክርሽ።

ቁጥር 1682 ደግሞ ዝምታ መስማማት አይደለም ይላል። ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፣ ጠበቃ ካላቸው 1684ን ማምጣቱ አይቀርም። ቀድሞ በውል የተሳሰሩ ሰዎች ከሆኑና አንዱ ውሉን እንቀጥል ብሎ ሌላው በተገቢው ጊዜ ካልተቃወመ፣ እንደተስማማ ሊቆጠር ይችላል። ይሄ ሕጉ ውስጥ ያለ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን እሱም በር አለው። ጥያቄው ለብቻው በተዘጋጀ ጽሑፍ መቅረብ አለበት፣ ካልተቃወምሽ እንደተቀበልሽ እንደሚቆጠርም መንገር አለበት። ነሐሴ ወይም ጳጉሜን ላይ "ውልዎ ሊታደስ ነው፣ ካልፈለጉ ይንገሩን" የሚል ወረቀት ደርሶሽ ነበር? አንቺ አልደረሰኝም ብለሻል። ደግሞም ዝም አላልሽም፣ ጽፈሻል። ዝም ያለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ቅር እንዳይልሽ። ከመስከረም 10 በኋላ አንድም ቀን ገብተሽ ሠርተሻል? መግቢያው ላይ አሻራ እንደሚያስነኩ ፎርሙ ይናገራል። ገብተሽ ከሆነ አሻራሽ እዚያ ተቀምጧል፣ ነገሩም ይበላሻል። ሰው በአፉም በእጁም ብቻ ሳይሆን በድርጊቱም ይስማማል። ካልገባሽ ያው የአሻራው መዝገብ ምስክርሽ ነው፣ እንዲያወጡት ጠይቂ።

በዚህ ጉዳይ ለምን እንዲህ እንደምንገበገብ ልንገርሽ። እኔም ተበልቻለሁ።

ቢሮዬ ውስጥ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ነበረኝ። ለጥገናው ከአንድ ድርጅት ጋር ዓመታዊ ውል ገባሁ። ማሽኑ አርጅቶ ወረቀት መብላት ሲጀምር በ2013 ፖሊ በር ላይ ኮፒ ቤት ለሚከፍት ልጅ ሸጥኩለት። ውሉን ረሳሁት። በዓመቱ ደረሰኝ መጣ፣ "የእድሳት ክፍያ" ይላል። ስህተት ነው ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሁለተኛው ዓመት የሁለት ዓመት ደረሰኝ መጣ። የሌለኝን ማሽን ሁለት ዓመት ሲጠግኑልኝ ከርመዋል ማለት ነው። ሰው የማማክር ጠበቃ! ውሉን አውጥቼ ባየው ያችው አንቀጽ ቁጭ ብላለች፣ ከሥሯ ደግሞ የኔ ፊርማ፣ በየገጹ። አውቄ ተቀብያለሁ፣ 1686 አያድነኝም።

ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ ንግድ መምሪያ ሄድኩ። አንድ ትሑት ወጣት ባለሙያ አዳመጠኝና "ጋሼ፣ ማሽኑ ለቤትዎ ነበር ወይስ ለሥራ?" አለኝ። ለሥራ አልኩ። "እንግዲያው ሸማች አይደሉም" አለኝ። ልክ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። አፍሬ ወጣሁ። በሽምግልና የአንድ ዓመቱን ከፍዬ የሁለተኛውን ተውልኝ። ባለቤቴ እስከዛሬ እንጀራ ምጣዱ በተበላሸ ቁጥር "የጥገና ውል አለህ?" ትለኛለች።

አንቺ ግን ሸማች ነሽ። ጂም የገባሽው ለራስሽ ነው። ያው አዋጅ ስለ ውል መታደስ ለብቻው የጻፈው አንቀጽ የለም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ግን ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ለደረሰበት ጉዳት ካሣ መጠየቅም ይችላል። ሌላም አለ፣ ሰው የማያውቀው። ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብ የመጠበቅ መብት አለው። "ማንበብ አትችይም እንዴ?" ያለሽን ቃል በቃል ጽፈሽ ማመልከቻሽ ውስጥ አስገቢው። ለብቻው ብዙ ብር አያስገኝም፣ ግን የሰውየውን ጠባይ ያሳያል።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ከሁሉ በፊት ባንክ። ነገ ጠዋት፣ ሰልፉ ሳይረዝም። ስታንዲንግ ኦርደሩን፣ ማለትም ብሩ በየወሩ እንዲቆረጥ ለባንኩ የሰጠሽውን ትእዛዝ፣ የፈረምሽው አንቺ ነሽ፣ የምታነሺውም አንቺ ነሽ፣ የጂሙ ፈቃድ አያስፈልግሽም። በጽሑፍ አመልክቺ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቺ። ይህን ሳታደርጊ ክርክር ብትጀምሪ በየወሩ 1,500 ብር እየተቆረጠብሽ ነው የምትከራከሪው። የተቆረጡትን ወራት የሚያሳይ ስቴትመንትም በዚያው አውጪ።

ቀጥሎ ደብዳቤ። ረጅም አይሁን። ሰው ሲናደድ ደብዳቤ ይረዝማል፣ ሲረዝም ደግሞ ዋናው ነገር ይጠፋል። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦

"መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈራረምነው የአንድ ዓመት ውል መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እንደማልቀጥል ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም 32 ቀን አስቀድሜ፣ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። በፎርሙ ጀርባ ያለው አንቀጽ ውሉን ስፈርም አልተነገረኝም፣ አልፈረምኩበትም፣ ቅጂም አልተሰጠኝም። ስለዚህ ውሉ ካበቃ በኋላ ያላግባብ የተቆረጠብኝ 3,000 ብር ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ካልሆነ በሕግ እጠይቃለሁ።"

ሁለት ቅጂ አድርጊው። አንዱን ስትሰጪ ሌላው ላይ "ደርሶኛል" አስብለሽ ስምና ቀን አስጽፊ። አንቀበልም ካሉ አትጨቃጨቂ፣ ፖስታ ቤት ሄደሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪው። ደረሰኙን ከፎርሙ ጋር አያይዢው። የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል የፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 2164 ይናገራል፣ ይሄ የመጨረሻ ምርኩዝሽ ነው። 15 ቀኑ ካለፈ በኋላ የደብዳቤውን ቅጂ፣ ስቴትመንቱንና ፎርሙን ይዘሽ ንግድ መምሪያ ሂጂ። ፍርድ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይደረሳል። እንደኔ እንደኔ ግን እስከዚያ አይሄድም። እንዲህ ያሉ ቤቶች የሚኖሩት በሚተወው ሰው ነው፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ለሚመጣው ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ። ልጄ ጀርመን አገር ተማሪ ነው። እሱም እንደዚሁ የስፖርት ቤት ውል በራሱ ታደሰብኝ ይለኛል። እዚያ ሕጉ ጥብቅ ነው ሲባል እሰማለሁ፣ ሌላ ዓመት ሊከፍል ነው?

እናት፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ እህቴ፣ ጂም ጂም ሆነብን ሳምንቱ። የልጅዎ ነገር ከድባንቄዋ ልጅ ይቀላል። ጀርመኖች ይህንኑ ጣጣ አይተው ሕጋቸውን አሻሽለዋል። በነሱ አቆጣጠር ከመጋቢት 1 ቀን 2022 ወዲህ የተፈረመ እንዲህ ያለ ውል የመጀመሪያው ጊዜ ካለቀ በኋላ በራሱ ሊቀጥል ይችላል፣ ግን ለሌላ ዓመት ሊያስር አይችልም። ደንበኛው በፈለገ ጊዜ የአንድ ወር ማስታወቂያ ሰጥቶ ይወጣል። በዚያው ዓመት ከሐምሌ ጀምሮ ደግሞ በድረ ገጽ ውል የሚያስገባ ድርጅት ማቋረጫ ቁልፍም ድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ ተደረገ። ልጅዎ መጀመሪያ የፈረመበትን ቀን ይይ። ከመጋቢት 1 በፊት ከሆነ በአሮጌው ሕግ ነው የሚታየው። ከዚያ በኋላ ከሆነ ዛሬውኑ ይጻፍላቸው፣ የሚከፍለው የአንድ ወር ብቻ ነው። ለኛም እንዲህ ያለች ቁልፍ ብትመጣልን አልጠላም።

ጥያቄ፦ ጠበቃው ወንድሜ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ካርድ በሞላሁ ቁጥር በየቀኑ ሁለት ሁለት ብር ይበላኛል። ማንንም አልደወልኩም። አንድ አጭር ቁጥር ጠዋት ጠዋት የጤና ምክር ይልክልኛል፣ እኔ ደግሞ ማንበብ አልችል። ማን ነው ያስመዘገበኝ?

አባት፣ ከዘጌ

መልስ፦ አባቴ፣ ይሄ የብዙ ሰው ችግር ነው። አንዳንዴ ሰው ሳያውቀው አንድ ቁልፍ ይነካል፣ አንዳንዴ ስልኩን የነካ ልጅ ይሆናል፣ አንዳንዴ ደግሞ "እንኳን ደስ አለዎት" የሚል መልእክት ሲመጣ ሰው እሺ ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በየቀኑ ራሱን ያድሳል። እርስዎ አንዴም ሳይፈርሙ በዓመት 730 ብር ማለት ነው።

የልጅ ልጅዎ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያንብብልዎ። አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ላይ ለማቋረጥ ምን ብሎ መላክ እንደሚገባ ይጻፋል፣ ብዙውን ጊዜ "ስቶፕ" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ወደዚያው ቁጥር ይላክላቸው። "ተቋርጧል" የሚል መልስ ሲመጣ አያጥፉት። መልሰው ቢቆርጡ ማስረጃዎ እሱ ነው።

ካልቆመ ወደ ስልክ ድርጅቱ አገልግሎት ማዕከል መሄድ ነው። "ቁጥሬ የተመዘገበባቸውን አገልግሎቶች በሙሉ ንገሩኝ፣ መቼና እንዴት እንደተመዘገብኩም አሳዩኝ" ይበሏቸው። አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ አንድ ደንበኛዬ አራት ተገኝቶበታል። እምቢ ካሉ የቴሌኮም ድርጅቶችን የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፣ በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመ። አቤቱታውን እኔ እጽፍልዎታለሁ።

ቅዳሜ በጀልባ ሲመጡ ስልኩን ይዘው ብቅ ይበሉ፣ ከልጁ ጋር። ቡና ግን እንዳይሸከሙ፣ ባለፈው ያመጡልኝ ገና አላለቀም።